የመርዳሳ ካሪናና የአማቾች አበባ

ባለቤቴ አቶ መርዳሳ ጠዋት ከእኔ በፊት ደህና አደርሽ የሚላት አንዲት አሮጊት አለችው። ግቢያችን ውስጥ ከማንጎው ሥር ትቆማለች። ድሮ ሰማያዊ ነበረች፤ የአዳማ ፀሐይና አቧራ ተባብረውባት አሁን ምን ዓይነት ቀለም እንደሆነች ቦሎ የሚሰጡት ሰዎች በየዓመቱ ይከራከሩባታል። ካሪና ትባላለች። ሃዊ የምትባለው አንዲት ልጃችን ሳትወለድ የገዛት ባለ አራት በር የቤት መኪና ናት፤ ያን ጊዜም ቢሆን አዲስ አልነበረችም።

ቅናት አላውቅም ብል ውሸት ነው። ጡረታ እስክወጣ አስተማሪ ነበርኩና ሰፈሩ ዛሬም ቲቸር እልፍነሽ ይለኛል፤ ቲቸር ደግሞ በአደባባይ በመኪና አትቀናም። በሆዴ ግን እቀና ነበር። እኔ ራሴን ሲያመኝ "ውሃ ጠጪበት" ብሎ የሚያልፍ ሰው፣ እሷ ትንሽ ካሳላት ኮፈኗን ከፍቶ ግማሽ ቀን ሲያስታምማት ይውላል።

መርዳሳ ዕድሜውን የፈጀው መልካሳ፣ የእርሻ ምርምር ውስጥ ነው። ሥራው ዝናብ ሲጠፋ የሚችል ማሽላና ቦሎቄ መምረጥ ነበር። መኪናም የመረጠው በዚያው ዓይን ይመስለኛል። ከአዳማ መልካሳ ሲመላለስባት ኖሮ ጡረታ የወጣ ዕለት፣ ለራሱ ሰዓት ተሸልሞ ለእሷ አዲስ ባትሪ ገዝቶ መጣ። "እሷም እኮ አብራኝ ነው የሠራችው" አለኝ፤ ሳይስቅ።

"መኪና በእርጅና አይቆምም፣ በቸልታ እንጂ" ይላል። ይህን ለእኔ ብቻ ቢል በወደድኩ። ለእንግዳውም፣ ለዘመዱም፣ ለቅሶ ሊደርስ ለመጣውም ይላል። ማታ ሲያስገባት ከሆዷ ሥር ካርቶን ያነጥፍላታል። ጠዋት ካርቶኑን ጎትቶ ያወጣና ወደ ብርሃን አንስቶ ይመረምረዋል፤ ጠብታ ካየ ዘይት ይሁን ውሃ በጣቱ ነክቶ ያሸታል። ከዚያ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ውሃዋን ያያል፤ የዘይት መለኪያውን መዝዞ፣ ጠርጎ፣ መልሶ ከቶ፣ እንደገና መዝዞ ያየዋል። አንድ ቀን የሚጠርግበት ጨርቅ አላስችል ብሎኝ ቀረብ ብዬ ሳየው፣ እናቴ በእጇ የጠለፈችልኝ የትራስ ልብስ ነው። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት። ማኩረፌን ያወቀ ግን አይመስለኝም፤ ያን ሰሞን ቺንጋ የሚሉት የሞተሩ ቀበቶ ላልቶበት ሐሳቡ እዚያ ነበር።

አንዳንዴ ደግሞ ወጥ ቤት እያለሁ ይጠራኛል። "እልፌ፣ ነይማ ስሚ!" እጄን እየጠረግሁ እወጣለሁ። ሞተሩ ተነስቷል፤ እሱ አንገቱን አዘንብሎ ቆሟል።

"ትሰሚያለሽ?"

"ምኑን?"

"ምንም አይሰማሽም አይደል?"

"ምንም።"

"እሱን እኮ ነው ስሚ የምልሽ!" ይለኛል፣ ፊቱ በርቶ።

የባጃጅ ልጆች መብራት ላይ ጠብቀው ይተርቡታል። "ፋዘር፣ ከኖኅ መርከብ መቼ ወረደች?" ይሉታል። "የአንተን ባጃጅ ጎትታ ያወረደች ቀን" ይላቸዋል። መለዋወጫ የሚሸጠው ወዳጁ ኡበይደላ ግን ትረባ አያውቅም፤ የእሱ የምር ነው። ካንዴላም ሆነ ብሎን ልንገዛ በሄድን ቁጥር "መቼ ነው የምትሸጥልኝ?" ይለዋል። "ስሞት" ይላል መርዳሳ። "አላህ ያቆይህ፣ እኔ ያልኩት መኪናዋን ነው" ይላል ኡበይደላ፤ እንዲህ ሲባባሉ ኖረዋል።

ስለ ጸሎቱ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም። እኛ ቤት ሳይጸለይ ጉዞ የለም። መርዳሳ ግን ጸሎቱን ከጥገናው ጋር አስማምቶታል። መጀመሪያ ሞተሩን ያስነሳል፤ ከዚያ አንገታችንን እንደፋለን። የሙቀት መርፌዋ ከታች ተነስታ ወደ መሃል እስክትጠጋ ይጸልያል፤ ስትጠጋ "አሜን" ብሎ ማርሽ ያስገባል። ቀዝቃዛ ሞተር መንዳት ሽማግሌን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ሩጥ እንደማለት ነው ይላል። ስለዚህ በኅዳር ብርድ ጸሎታችን ይረዝማል፣ በግንቦት ያጥራል። ሃዊ ሕፃን ሳለች መኪና የሚሄደው በቤንዚን ሳይሆን በአሜን ይመስላት ነበር። አባቷ አንድ ዓይኑን ገርበብ አድርጎ እንደሚጸልይ የደረሰችበትም እሷው ናት።

እንግዲህ ይህቺ ሃዊ ታጨች። ልጁ ቶኩማ ይባላል፤ ባቱ አንድ የአበባ እርሻ ውስጥ የሚሠራ፣ አንገቱን የደፋ፣ ስንጠራው እንኳ ሁለቴ "አቤት" የሚል ጨዋ ነው። ሥርዓቱ ባቱ ቤተ ክርስቲያን እንዲሆን ተስማማን። የቶኩማ ጓደኞች ሙሽሪት የምትሄድበት አዲስ ነጭ መኪና እናመጣለን ሲሉ፣ ሌላው ነገር ላይ ሁሉ እሺ ሲል የከረመው ባሌ እምቢ አለ።

"ልጄ ከዚህ ቤት የምትወጣው ከሐኪም ቤት ታቅፈናት በመጣንባት መኪና ነው። የምነዳውም እኔ ነኝ።"

ሃዊ አባቷን አቀፈችው። እኔ ግን ፈራሁ። ሙሽራ ጭኖ አስፋልት ላይ መቅረት የልጅ ልጅ የሚያወራው ጉድ ነው። "እሺ፤ ግን ቃል ግባልኝ" አልኩት በሃዊ ፊት። "በዚያ ቀን መንገድ ላይ ከቆመች፣ መልሱ እንዳለቀ ለኡበይደላ ትሸጣታለህ።"

ወደ ማንጎው ዞሮ ካሪናን አያት። "ከቆመች እሸጣታለሁ" አለ በመጨረሻ። መርዳሳ ቃሉን ሲያጥፍ አይቼ አላውቅም፤ ስለዚህ አባባሌ ቀልድ እንዳልሆነ እኔም እሱም አውቀናል።

ከዚያ በኋላ የሰርጉ ድግስ የእኔ፣ የመኪናዋ ድግስ የእሱ ሆነ። ዘይት ቀየረ፣ ካንዴላ ቀየረ፣ የፍሬን ሸራ ቀየረ፣ ራዲያተሩን አስወርዶ አሳጠበ። አዲሱን ቺንጋ ኡበይደላ ራሱ ይዞ መጣና "ለነገ መኪናዬ ነው የምለፋው" እያለ አብሮት ሲያስር ዋለ። የአሰላን አቀበት ወጥተው ሞከሯት፤ መርፌዋ ከመሃል ንቅንቅ አላለችም። መርዳሳ ያን ቀን ከበላው ምሳ ይልቅ ያቺ መርፌ አጠገበችው።

የሰርጉ ጠዋት ቶኩማ ሚዜዎቹንና አጎቱን አቶ ምልኬሳን ይዞ መጣ። አቶ ምልኬሳ ኩየራ ያደጉ፣ ድምፃቸው ያለ ማይክ አዳራሽ የሚሞላ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ከእነሱ ጋር አንድ ፒካፕ ሙሉ በባልዲ የተነከረ ጽጌረዳ መጣ። ቀይ፣ ነጭ፣ ሮዝ፤ እንዲያ ያለ አበባ በሕይወቴ አላየሁም። እኔ ውስጥ የመርዳሳን ክራባት ሳስር፣ ሚዜዎቹ ውጪ መኪናዋን አለበሷት። ስንወጣ ካሪና የለችም፤ በቦታዋ አራት ጎማ ያለው የአበባ መደብ ቆሟል። የፊቷን ፍርግርግ ከመብራት እስከ መብራት በነጭ ስስ ጨርቅ ሸፍነው፣ በላዩ ጽጌረዳውን ጥቅጥቅ አድርገው ሰክተውበታል።

መርዳሳ ደረጃው ላይ ቆመ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ውሃ ሞላ። አባት ነው፣ ልጁ ልትሄድበት ነው ብዬ እኔም እንባዬ መጣ።

"ይኸው እንግዲህ" አሉ አቶ ምልኬሳ ደረታቸውን ነፍተው፣ "ልጆቻችን ሌሊቱን ሲለቅሙት አድረው ያመጡት ነው። አማረብዎ?"

"እጅግ ነው እንጂ ያማረው። እግዚአብሔር ይስጥልን" አለ ባሌ።

አያችሁ፣ መኪና በዚያ ፍርግርግ እንደምትተነፍስ ከመርዳሳ በላይ የሚያውቅ የለም። አንድ ላስቲክ እንኳ ፍርግርጉ ላይ ተለጥፎ ካየ መንገድ ዳር ቆሞ የሚያነሳ ሰው ነው። ግን አማች ያመጣውን አበባ በሰርግ ቀን አንሱልኝ ማለት በእኛ አገር እንዴት ይቻላል? እንኳን እሱ፣ እኔም ባውቅ ኖሮ አልልም ነበር። ይሉኝታ ያዘው፣ ዝም አለ። ዝም አይነቅዝም ያሉት አባቶች ራዲያተር አልነበራቸውም።

ወግ አይደለም ቢሉኝም ከፊት ገባሁ። ሃዊና ቶኩማ ከኋላ ተቀመጡ። መርዳሳ እንደ ልማዱ ሞተሩን አስነሳና አንገቱን ሊደፋ ሲል፣ አቶ ምልኬሳ ወደ መስኮቱ ቀርበው እጃቸውን ጣሪያዋ ላይ ጫኑ። "ጸሎቱን ለእኔ ይተዉልኝ" አሉ። ጀመሩም።

ከአዳም የጎድን አጥንት ተነሱ። ወደ ይስሐቅና ርብቃ እስኪደርሱ መርፌዋ መሃል ደርሳለች። መርዳሳ "አሜን!" አለ ጮክ ብሎ፤ ይበቃል ለማለት መሆኑን የማውቀው እኔና ሃዊ ብቻ ነን። አቶ ምልኬሳ ግን መንፈሱ የነካው መስሏቸው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። እሱ "አሜን!" ባለ ቁጥር እሳቸው አንድ ትውልድ ይጨምራሉ። ያልተወለዱ የልጅ ልጆቻችንን ትምህርት፣ ሥራና ትዳር አንድ በአንድ ባረኩ። ሞተሩን እንዳያጠፋ፣ በአማች ጸሎት መሃል ቁልፍ መጠምዘዝ በቃህ እንደማለት ሆነበት። መርፌዋ መሃሉን አልፋ ስትወጣ አንዱ ዓይኑ ተከፍቶ ቀረ። አሜኑ መጥቶ ስንነሳ ባሌ ከሙሽራው ይልቅ አልቦታል።

ሞጆ ድረስ ነፋሱም ረዳን፣ ደህና ሄድን። ከኋላችን የአጃቢው ክላክስ ይደበላለቃል። ቆቃን አልፈን ፀሐይዋ ስትበረታ ግን መርዳሳ እጁን ሰዶ የማሞቂያውን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው አዞረው። እግሬ ላይ የምጣድ ወላፈን ለቀቀብኝ። አቧራ የሙሽራ ቬሎ እንዳይነካ መስኮቱ ተዘግቷል፤ ውጪው ሙቀት፣ ውስጡ ሙቀት። ወደ ኋላ ዞር ብዬ ሳይ የቶኩማ ኮሌታ ርሷል፣ የሃዊ ኩል መውረድ ጀምሯል።

"ሞቀህ እንዴ ልጄ?" አለው መርዳሳ በመስታወቱ እያየው።

"ኧረ ምንም አይልም አባባ፤ ባቱም እንዲህ ነው" አለ ምስኪን፣ ላቡን በመሐረቡ እየጠረገ። እሱም አማቹን ማሞቂያዎን ያጥፉ ማለት አቅቶት ነው።

"አበድክ እንዴ?" አልኩት ቀስ ብዬ።

"ሙቀቱን ከእሷ ላይ ወደ እኛ እየሳብኩላት ነው" አለ በሹክሹክታ። "አበባው አፍኗታል፣ እልፌ።"

"ታዲያ ቆመህ አውርደው!"

አላየኝም። "ከቆምኩ ቆመች ማለት ነው" አለ።

ይሄኔ ነው ያ ቃል ትዝ ያለኝ። ቃሉ ቀርቶልሃል ልለው ፈለግሁ። አፌ ግን አልታዘዝ አለኝ፤ ከኋላ አማች ተቀምጧል፣ አጃቢው ይጮሃል፣ እኔም ዝም አልኩ። መኪና ውስጥ አራት ሰው ነን፤ ሁላችንም በጨዋነት እየተቀቀልን ነው።

መቂ ልንገባ ስንል ሃዊ ከኋላ ቬሎዋን ገልጣ ተንጠራራች። "አባዬ፣ መርፌዋ የት ናት?"

አባቷ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም።

"አባዬ!"

"ላይ ናት" አለ። አንድ ጊዜ ዳሽቦርዷን በመዳፉ ዳበስ አደረገ። ትንሽ ቢነዳት ባቱ ልትደርስ ትችል ነበር፤ ቃሉም አይነካም ነበር። ግን ሞተሯ ተቃጥሎ ነው የምትደርሰው። ሊገድላት አልፈለገም፤ ከሚገድላት ሊያጣት መረጠ። ፍሬቻ አሳይቶ ዳር ያዘና ሞተሩን አጠፋ።

ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ። አጃቢው ሁሉ ተንጋግቶ ቆመ፤ ክላክሱ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። አቶ ምልኬሳ ከመኪናቸው እየወረዱ "ምን ተፈጠረ?" ሲሉ ሰማሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሃዊ ግን በሩን ከፍታ ወረደች። ቬሎዋን በአንድ እጇ ሰብስባ ወደ መኪናዋ ፊት ዞረችና አንድ እቅፍ ጽጌረዳ ነቅላ አወጣች። መንገዱ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት ደርድረው የሚሸጡ ሴቶች አሉ። "ኮታ ፉዳ!" አለቻቸው በኦሮምኛ፣ ኑ ውሰዱ ብላ። "የሰርጌ አበባ ነው፤ ከባቱ የመጣ፤ መርቁኝ!"

ሴቶቹ መጀመሪያ ተያዩ። ከዚያ እልልታው ቀለጠ። ሻሻቸው ላይ የሰኩ አሉ፣ ቲማቲም ክምሩ ላይ የተከሉ አሉ። ሃዊ እየነቀለች ትሰጣለች፣ ቶኩማም ኮቱን አውልቆ ነጩን ጨርቅ መቅደድ ጀመረ፤ ያን ያህል ደስ ያሰኘው ሰርጉ ይሁን ንፋሱ አላወቅሁም። አቶ ምልኬሳ ደርሰው ቆሙ። ይቆጣሉ ብዬ ፈራሁ።

"አቤት!" አሉ እጃቸውን አንስተው። "ገና ሳትገባ የምታካፍል ልጅ ሰጠኸን!" ሊጸልዩ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ከሚዜዎቹ አንዱ ሊረዳ ብሎ ኮፈኑን ከፍቶ እጁን ወደ ራዲያተሩ ክዳን ሰደደ።

"እንዳትነካው!" ብሎ ጮኸ መርዳሳ። ሁሉም ደነገጠ፤ አቶ ምልኬሳም ዓይናቸውን ገለጡ። "የፈላ ራዲያተር ተከፍቶ ፊትህን ሊልጥህ! እስክትቀዘቅዝ ማንም እንዳይጠጋት! ይቅርታ ያድርጉልኝ አቶ ምልኬሳ፣ ጸሎቱም ይቆየን!"

ያን ድምፁን ጠዋት ደረጃው ላይ ቢያወጣው ምን ነበረበት?

መኪናዋ ቀዘቀዘች፣ ሴቶቹ ውሃ በጀሪካን አመጡልን፣ ፊቷ ተራቁቶ ንፋስ እየዋጠች ባቱ ገባን። ቃል ኪዳኑ ተፈጸመ፣ ተበላ፣ ተዘመረ። የሃዊ ኩል እንደወረደ ፎቶ ተነሳች፤ ያየው ሁሉ የደስታ እንባ ነው ይላል።

መልሱ ተደግሶ ልጆቹ ወደ ባቱ ከተመለሱ በኋላ ቤቱ ጭር አለ። ሁለት ሰው ያን ቤት አይሞላውም። ጠዋት ስነሳ መርዳሳ ካሪናን አጥቦ፣ ወልውሎ፣ ካርቶኑን አጥፎ ግድግዳ ሥር አቁሞታል። የትራስ ልብሴን እንኳ አጥቦ ገመድ ላይ አስጥቶታል። ከጎኑ ኡበይደላ ቆሟል፤ ቁልፉ በመርዳሳ መዳፍ ላይ ነው።

ኡበይደላ ኮፈኑን ከፍቶ አሸተተ። "ይቺ መኪና ሽቶ ተቀብታለች እንዴ?" አለ። ከራዲያተሩ ፊት የደረቀ ቀይ ቅጠል አወጣ። "በዚህ ነው ቆመች የምትለው? ይሄ ብልሽት ነው?"

"ቆመች። ቃሌ ነው" አለ መርዳሳ፤ ቁልፉን ዘረጋለት።

አላስቻለኝም፤ በነጠላ ጫማ ወረድኩ።

"ቆይ! ቃሉን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፣ ዳኛዋም እኔ ነኝ" አልኩ። "እኔ መንገድ ላይ ከቆመች ነው ያልኩት። እሷ መቼ ቆመች? ልጄ እስክትናገር የቆመው ያንተ ምላስ ነው። አበባው ሲጫንባት ያየህ አንተ፣ ዝም ያልክ አንተ። የተበላሸው ከተሸጠ መሸጥ ያለብህ አንተ ነህ፤ አንተን ደግሞ ማን ይገዛኛል?"

"እኔስ አልገዛም፤ መለዋወጫ አይገኝለትም" አለ ኡበይደላ ፈጠን ብሎ።

መርዳሳ ሊስቅ ፈልጎ አቃተው። "እልፌ፣ ቃል እኮ ነው" አለኝ።

"ቃል ከሆነማ የእኔንም ስማ። ልጄ ባቱ ናት። ናፍቃኛለች፤ ሌሊት እንኳ ክፍሏን ከፍቼ አያለሁ። ይቺን ሸጠህ በምን ልትወስደኝ ነው?"

ኡበይደላ ኮፈኑን ቀስ ብሎ ዘጋ። "መቼ ነው ታዲያ የምትሸጥልኝ?" አለ በሩን አልፎ ሲወጣ።

"ስሞት" አለ መርዳሳ። ድምፁ ተመለሰ።

ቁርስም ሳንበላ ተነሳን። ሞተሩን አስነሳ፤ አንገታችንን ደፋን። ስለ ሃዊ ጀመረ፤ ስሟን ሲጠራ ሁለቱም ዓይኖቹ ተጨፈኑ። እንዲያ ሆኖ ሲጸልይ አይቼው አላውቅም። አንድ ዓይኔን ገርበብ አድርጌ መርፌዋን እኔ ጠበቅሁለት። መሃል ስትደርስ "አሜን" አልኩ።